ቀፎው ሞላ፦ የስልክና የኮምፒውተር ካሽ ላይ ገደብ አደራረግ

የጥር መጨረሻ ላይ አጎቴ ከቢቸና ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ቀፎው ሞላብኝ" አሉ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ግራ ገባኝ። አጎቴ ንብ አናቢ ናቸው። ግን በኛ አገር ዋናው ማር የሚቆረጠው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ንቦቹ አደይ አበባውን ከቀሰሙት በኋላ። በጥር መጨረሻ የምን ማር ነው?

"አያ፣ በዚህ ወቅትም ማር አለ እንዴ?"

"የምን ማር አመጣህብኝ! ይች በእጄ የያዝኳት ቀፎ ናት እንጂ። ፎቶ ላነሳ ስል ሞልቻለሁ ትለኛለች።"

ለካ ስልካቸው ነች። ባለ 32 ጊጋ ቴክኖ። በሳምንቱ ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ይዘዋት መጡ። ከፍቼ ሳየው ቴሌግራም ብቻውን 13 ጊጋ ይዟል። አያ ደግሞ አንድም ነገር አላወረድኩም ብለው ይምላሉ። እውነታቸውን ነው። የጥምቀቱ ቪዲዮ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ቪዲዮ፣ የመዝሙር ቻናሉ፣ የዘመድ ግሩፑ፣ ሁሉም በራሱ ጊዜ እየወረደ ተቆልሏል።

እስከዛሬ ምን ሲያደርጉ ነበር? ስልኳ በሞላች ቁጥር ሞባይል ቤት ይወስዷታል። ልጁ "ክሊር" ይልላቸዋል። ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሳ ትሞላለች። ልጁ አልተሳሳተም፤ ግን ደንበኛ ማጣት የሚፈልግ ባለሱቅ የለም።

ካሽ ማጽዳት ለሁለት ሳምንት ይበቃል። አንዴ ገደብ ካበጃችሁለት ግን ራሱን በራሱ ያጸዳል። ሥራው ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። አያ ስልክ ላይ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ እናልፋለን።

መጀመሪያ፣ ካሽ ምንድን ነው?

ካሽ ስል ብሩን አይደለም። በኛ አፍ አጠራሩ ስለሚገጥም ነው። ይሄኛው ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ "መደበቅ" ከሚለው ግስ።

ነገሩን በጎተራና በጓዳ አስቡት። ጤፉ ያለው ጎተራ ነው። እናት ግን እንጀራ በጋገረች ቁጥር ወደ ጎተራና ወደ ወፍጮ ቤት አትሮጥም። ለሳምንት የሚበቃ ዱቄት ጓዳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ቴሌግራም ላይ ጎተራው ክላውድ የሚሉት ነው፤ የቴሌግራም ሰርቨር ማለት ነው። ጓዳው ስልካችሁ ነው። አንድ ቪዲዮ ስታዩ ቅጂው ጓዳ ይቀራል። ደግማችሁ ስትከፍቱት ወዲያው ይከፈታል፣ ፓኬጅም አይበላም። ስለዚህ ካሽ ጠላት አይደለም። ጓዳው ልክ ሲያጣ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ልኩ በሁለት መንገድ ይበጃል። አንዱ በመጠን ነው፦ "ከ5 ጊጋ አትለፍ።" ሌላው በዕድሜ ነው፦ "ሳምንት ሙሉ ያልተነካ ካለ አውጣው።" ቴሌግራም ሁለቱንም ይፈቅዳል። ሁለቱንም መጠቀም ነው ደጉ።

በመጠን ከገደባችሁ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ጓዳው ሲሞላ ማን ይውጣ? በ1966 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ላዝሎ ቤላዲ የተሻለውን መልስ አሳይቷል። ወደፊት ከሁሉም ዘግይቶ የሚፈለገውን አውጣ ነው መልሱ። ጥሩ ነው፤ ግን ወደፊት ምን እንደሚፈለግ ማን ያውቃል? ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌር ወደ ኋላ አይቶ ይገምታል። ከተነካ ብዙ ጊዜ የሆነው ይቀድማል። ይህን አሠራር ኤልአርዩ ይሉታል። ቴሌግራምም ገደቡ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያወጣው ያረጀውንና ያልተነካውን ነው። ትናንት ያያችሁት ቪዲዮ አይነካም፤ የመስከረሙ ይወጣል።

እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት

አንድሮይድ ስልክ ላይ የማንኛውንም መተግበሪያ ስቶሬጅ ስትከፍቱ ሁለት ቁልፍ ታያላችሁ። አንዱ "ክሊር ካሽ" ይላል። ሌላው "ክሊር ዳታ" ወይም "ክሊር ስቶሬጅ" ይላል። ጎን ለጎን ናቸው፤ ሥራቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው ጓዳውን ይጠርጋል። ሁለተኛው ቤቱን ያፈርሳል። መለያችሁ፣ የይለፍ ቃላችሁ፣ ሴቲንጋችሁ፣ ሁሉም ይሄዳል፤ መተግበሪያው ገና ዛሬ እንደተጫነ ይሆናል።

ይህን ያወቅኩት በሰው ስልክ ነው። አምና አንዲት ጎረቤቴ ስልኳ ስታክ እያደረገ አስቸገራት። እኔም እንደ ዐዋቂ ተቀበልኳትና ያገኘሁትን ሁሉ ክሊር ዳታ፣ ክሊር ዳታ አልኩት። የባንክ መተግበሪያዋም እዚያ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ባንክ ተሰልፋ አዲስ መክፈቻ ቁጥር ስታወጣ ዋለች። እስከዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ይኸው። ጓዳውን የምንጠርገው ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ነው። ጎተራ የሌለው ነገር ካለ ግን ጓዳ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ነው። ቴሌግራም ላይ "ሲክሬት ቻት" የሚባለው ክላውድ ላይ አይቀመጥም። የተላከላችሁ ፎቶ እዚያ ውስጥ ከሆነ አስቀድማችሁ ጋለሪ ውስጥ አስቀምጡት። ባለቤቱ ቻናሉን ካጠፋው ወይም መልእክቱን ከሰረዘውም እንደዚያው ነው፤ ክላውድ ላይ የነበረው አብሮ ይጠፋል። የሰርግ ቪዲዮ፣ የለቅሶ ፎቶ፣ የሰነድ ቅጂ የመሳሰለው ካሽ ውስጥ እንዲያድር አትተዉት። ካሽ የአደራ ቦታ አይደለም።

ዋትስአፕ ደግሞ ሌላ ነው። የወረደው ፎቶና ቪዲዮ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ራሱ ዋናው ነው። ከሰረዛችሁት መልሶ ላይወርድ ይችላል። ከዚህ በታች ስለ ቴሌግራም የምነግራችሁን ዋትስአፕ ላይ እንዳትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል እንደያዘ እዩ

ቴሌግራምን ክፈቱ። "ሴቲንግስ" ግቡ፤ ከዚያ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ"፣ ከዚያ "ስቶሬጅ ዩሴጅ"። በስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ እዚህ የጻፍኩት አጠራሩን ነው።

ባለቀለም ክብ ይመጣል። ቪዲዮ ይህን ያህል፣ ፎቶ ይህን ያህል፣ ፋይል ይህን ያህል ብሎ ይከፋፍለዋል። አያ ስልክ ላይ ክቡ ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ነበር፤ ቪዲዮ። የብዙዎቻችሁም እንደዚያ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ኋላ ታመሳክሩበታላችሁ።

ወደ ታች ብትወርዱ የቻቶች ዝርዝር አለ፤ ብዙ የያዘው ከላይ ይሆናል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቻናል ነው። አያ ላይ ከ13 ጊጋው 6ቱን የያዘው አንድ የፊልም ቁራጭ የሚለጥፍ ቻናል ነበር። "ይሄን ማን አስገባብኝ?" አሉ። የልጅ ልጃቸው ነው የሚሆነው። ወጣንበት።

ደረጃ 2፦ አንዴ አጽዱ

እዚያው ገጽ ላይ "ክሊር ካሽ" የሚል ቁልፍ አለ። ከመጫናችሁ በፊት የማትፈልጉትን ብቻ ምረጡ። እኔ ቪዲዮውን፣ ፋይሉንና ፎቶውን አጠፋለሁ፤ ስቲከሩን እተወዋለሁ። ቦታው ትንሽ ነው፣ መልሶ ሲወርድ ግን ያዘገያል።

መልእክታችሁ አይጠፋም። ቻናሎቻችሁም አይጠፉም። ፎቶው ደብዘዝ ብሎ፣ መሐሉ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ይዞ ይታያል። ስትነኩት ከጎተራ ይመጣል።

ይህን ቴሌግራም ውስጥ ገብታችሁ አድርጉት። በስልኩ በራሱ ሴቲንግ በኩል ክሊር ካሽ ብትሉ የሚለቀው ቦታ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌግራም የወረዱ ቪዲዮዎችን ሁሉ አንድሮይድ ካሽ በሚለው ማኅደር ውስጥ አያስቀምጥምና።

ደረጃ 3፦ ገደቡን አድርጉ

እዚያው "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ውስጥ ትንሽ ወደ ታች ውረዱ። "ማክሲመም ካሽ ሳይዝ" የሚል መስመርና የሚንሸራተት ነጥብ አለ። ምርጫዎቹ እንደ ስልኩ ስፋት ይለያያሉ፤ ብዙ ስልክ ላይ 5፣ 16፣ 32 ጊጋ እና "ኖ ሊሚት" ናቸው። ካልነካችሁት ብዙ ጊዜ "ኖ ሊሚት" ላይ ነው የምታገኙት። ገደብ የለም ማለት ነው። አያን የጎዳቸው ይኸው ነው።

ስንት ላይ እናድርገው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የመጀመሪያ ሐሳባችሁ "ባነሰ ቁጥር ይሻላል" ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። አንድ አሮጌ ስልኬ ላይ ገደቡን እስከ 2 ጊጋ ዝቅ አደረግኩት፤ ዕድሜውንም አንድ ቀን። በዚያን ጊዜ ከአንድ ቻናል የፕሮግራሚንግ ትምህርት እከታተል ነበር። አንዱ ቪዲዮ 400 ሜጋ ገደማ ነው። አንድ ትምህርት በአንዴ አይገባኝም፤ ሦስቴ አየዋለሁ። ዛሬ አየሁት፣ ነገ ስከፍተው ጠፍቷል፤ እንደገና ይወርዳል። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። የወር ፓኬጄ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ቦታ ቆጥቤ ብር ከሰከስኩ። ጓዳው ለአንድ ቀን ዱቄት ብቻ ከሆነ በየቀኑ ወፍጮ ቤት ትመላለሳላችሁ፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ በነፃ አይፈጭም።

ስለዚህ የአንድ ሳምንት ፍጆታችሁን አስሉ። ካሹን ካጸዳችሁ በኋላ ሰባት ቀን እንደወትሮው ተጠቀሙ። በስምንተኛው ቀን "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ክፈቱና ስንት እንደደረሰ እዩ። ያንን በሁለት አባዙት። 2 ጊጋ ከሆነ 4 ይመጣል፤ 5 ላይ አድርጉት። በሁለት የማባዛው በዓል ስላለ ነው። በጥምቀት ሰሞን የሚወርደውና በተራ ሳምንት የሚወርደው አንድ አይደለም።

ከዚያ ስልኩን ጠይቁት። ገደቡ እስከ አፉ ቢሞላ ስልኩ ላይ ቢያንስ 3 ጊጋ ባዶ ይቀራል ወይ? ይቺ የኔ ልማድ ናት። አንድሮይድ ቦታ ሲያጥረው ፎቶ አያነሳም፣ መተግበሪያ አያድስም፣ ይንቀራፈፋል። የማይቀር ከሆነ ቴሌግራምን ከማስጨነቅ በፊት ጋለሪውን አጽዱ።

አያን ስምንት ቀን ማቆየት አልቻልኩም፤ መኪናው ይሄድባቸዋል። 5 ጊጋ አድርጌላቸው ሄዱ። ባለ 32 ጊጋ ስልክ ለያዘ ሰው ያለ ብዙ ሐሳብ 5 ማድረግ ይቻላል። 64 ከሆነም 5 ይበቃል። 16 እና 32 ጊጋ የሚሉት ምርጫዎች ስልካቸው 128 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ናቸው።

ደረጃ 4፦ የዕድሜ ገደብ

ከመጠኑ ከፍ ብሎ "ኦቶ ሪሙቭ ካሽድ ሚዲያ" የሚል ክፍል አለ። ለየብቻ ይጠይቃችኋል፦ የግል ቻት፣ ግሩፕ፣ ቻናል። ለእያንዳንዱ አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር ወይም "ፎርኤቨር" (ለሁልጊዜ) ትመርጣላችሁ።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ቻናል አንድ ሳምንት፣ ግሩፕ አንድ ወር፣ የግል ቻት ፎርኤቨር። ቻናል ላይ የተለጠፈ ነገር ሳምንት ካለፈው አላየውም። ሰው ለኔ ብሎ የላከልኝ ግን ይቆይ። የመጠን ገደቡ ስላለ "ፎርኤቨር" ብትሉም አትፍሩ፤ 5 ጊጋው ሲያልፍ ያረጀው ይወጣል።

እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ "አድ ኤክሴፕሽን" የሚል አለ። አንዱን ቻናል ከሌሎቹ ለይታችሁ የተለየ ዕድሜ መስጠት ትችላላችሁ። ለአያ የመዝሙር ቻናሉን ወር አደረግኩላቸው። እሑድ እሑድ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ያዳምጡታል።

ደረጃ 5፦ በሩን ዝጉ

ገደብ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ በአንድ በኩል ይወርዳል፣ በሌላ በኩል ይጠፋል፤ ፓኬጁ ግን በመሐል ያልቃል።

ወደ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ተመለሱ። "ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ" የሚለው ሥር ሦስት መስመር አለ፦ በሞባይል ዳታ፣ በዋይፋይ፣ በሮሚንግ። ሞባይል ዳታ የሚለውን ንኩት። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ፋይል ተብሎ ተዘርዝሯል። ቪዲዮውንና ፋይሉን አጥፉ። ፎቶውን ለግል ቻት ብቻ ተዉት። ዋይፋይ ያላችሁ ሰዎች እዚያ ላይ ቪዲዮ ብትፈቅዱም የመጠን ጣሪያ አድርጉበት፤ 10 ሜጋ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ማየት ስትፈልጉ ራሳችሁ ትነኩታላችሁ።

አንድ የተደበቀ ነገር አለ። እዚያው ገጽ ላይ "ሴቭ ቱ ጋለሪ" የሚል ክፍል ታያላችሁ። እሱ ከበራ የወረደው ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል፤ አንዱ ካሽ ውስጥ፣ ሌላው ጋለሪ ውስጥ። የካሹ ገደብ ጋለሪውን አይነካም። ገደብ አድርጌም ስልኬ ይሞላል የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። አያም ላይ በርቶ ነበር። ጋለሪያቸው ውስጥ አንድ ሺህ የሚጠጋ "እንዴት አደራችሁ" የሚል ባለጽጌረዳ ፎቶ አገኘን። እሱን መሰረዝ ከቴሌግራሙ ሥራ ሁሉ ረዘመ፤ እያንዳንዱን ማን እንደላከው ካልነገርኳቸው አላስጠፋም አሉ።

ገደብ የማይቀበሉ መተግበሪያዎች

ቲክቶክ ላይ ገደብ የሚባል ነገር የለም። ሴቲንግ ውስጥ "ፍሪ አፕ ስፔስ" የሚል አለ፤ ካሹን እዚያ ታጸዳላችሁ፤ በቃ። ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ "ክሊር ካሽ" ትላላችሁ። በወር አንዴ ይበቃል። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ስልኩ ራሱ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የካሽ ድርሻ ይመድባል፤ ቦታ ሲያጥረው ከድርሻው ካለፈው ይጀምራል። ስለዚህ በየቀኑ "ክሊነር" የሚባል መተግበሪያ ማስሮጥ ትርፉ ማስታወቂያ ማየት ነው። አውጡት።

ኮምፒውተር ላይ

ቴሌግራም ዴስክቶፕ ካላችሁ "ሴቲንግስ"፣ "አድቫንስድ"፣ "ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ" ግቡ። ሁለት የሚንሸራተቱ የመጠን ገደቦች አሉ፤ አንዱ የጠቅላላው፣ ሌላው የሚዲያው። ሥራቸው ከስልኩ ጋር አንድ ነው። "ዳውንሎድስ" ማኅደር ውስጥ የወረደው ግን በዚህ አይቆጠርም። የቢሮ ኮምፒውተር የሚሞላው በዚያ ነው።

ፋየርፎክስ የካሹን መጠን ራሱ ይወስናል። እናንተ መወሰን ከፈለጋችሁ አድራሻው ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ "አባውት" ብላችሁ ሁለት ነጥብ አድርጉና "ኮንፊግ" ብላችሁ ጻፉ። ተጠንቀቅ የሚለውን እሺ በሉት። መፈለጊያው ላይ "ካሽ ነጥብ ዲስክ" ብላችሁ ፈልጉ። በ"ስማርት ሳይዝ ነጥብ ኢኔብልድ" የሚያልቀውን "ፎልስ" አድርጉት። ከዚያ በ"ካፓሲቲ" የሚያልቀው ላይ ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ በኪሎባይት ነው፤ ለ200 ሜጋ 204800 ይሆናል። ሌላ መስመር አትንኩ።

ክሮም ሴቲንጉ ውስጥ ገደብ የለውም፤ በአቋራጩ በኩል ግን ይቻላል። መጀመሪያ ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጉና "ፕሮፐርቲስ" ግቡ። "ታርጌት" የሚለው ሣጥን መጨረሻ ላይ ከትእምርተ ጥቅሱ ውጭ አንድ ክፍት ቦታ ተዉ። ቀጥሎ ሁለት ጭረት፣ ዲስክ፣ ጭረት፣ ካሽ፣ ጭረት፣ ሳይዝ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደልና ሳይለያይ። እዚህ ላይ ቁጥሩ በባይት ነው፦ ለ200 ሜጋ 209715200። ፋየርፎክስ በኪሎባይት፣ ክሮም በባይት። ካምታታችሁት ወይ ምንም አይዝም፣ ወይ ዲስኩን ሊሞላው ይችላል። ገደቡ የሚሠራው ደግሞ ክሮምን በዚያ ምልክት ስትከፍቱት ብቻ ነው።

ኮድ ለምትጽፉ ልጆች

ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የኮምፒውተር ተማሪዎች ይህ ለእናንተ ነው፤ ሌላው ሰው ይለፈው።

የፓይተን "ኤልአርዩ ካሽ" ምንም ካልነገራችሁት 128 ውጤት ይይዛል። "ማክስሳይዝ" የሚለውን "ነን" ካላችሁት ግን ገደቡ ይነሳል፤ ፕሮግራሙ በሠራ ቁጥር ያብጣል። ልብ በሉ፣ የሚቆጥረው ብዛት ነው፤ ሜጋ አይደለም። 128 ቁጥር ኢምንት ነው። 128 ትልልቅ ፎቶ ግን ሚሞሪውን ይጨርሳል።

ሬዲስ 64 ቢት ማሽን ላይ ሲጫን "ማክስሜሞሪ" ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ገደብ የለሽ ነው። 2 ጊጋ ራም ባለው ርካሽ ሰርቨር ላይ እንዲህ ከተዋችሁት አንድ ሌሊት ሊኑክስ ራሱ ይገድለዋል። ከግማሽ አታሳልፉት፤ ዳታውን ዲስክ ላይ ሲያስቀምጥ ተጨማሪ ሚሞሪ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፖሊሲውን ቀይሩ። ሲጫን ያለው "ኖኢቪክሽን" ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን አያወጣም፣ አዲሱን አልቀበልም ይላል። ለካሽ የሚሆነው "ኦልኪስ ኤልአርዩ" ነው። ሬዲስ ሁሉንም አገላብጦ አሮጌውን አይፈልግም፤ እንደተጫነ 5 ቁልፍ በዕጣ ያነሳና ከነሱ ውስጥ ያረጀውን ያወጣል። ግምት ነው፤ ግን ፈጣን ግምት ነው።

መሥራቱን ማረጋገጥ

ወር ቆይታችሁ "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ክፈቱ። ቁጥሩ ገደቡን አልፎ ከቀጠለ ገደቡ አልያዘም፤ ደረጃ 3ን ድገሙ። ሁልጊዜ ገደቡ አፍ ላይ ከሆነና ትናንት ያያችሁት ዛሬ እንደገና የሚወርድ ከሆነ ጓዳው ጠቧል፤ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። ከገደቡ ግማሽ በታች ከሆነ ተዉት፤ ምንም አይጎዳም።

አያን ከወር በኋላ ቢቸና ሄጄ አገኘኋቸው። ካሹ 3 ነጥብ 1 ጊጋ ነበር። ስልኳ ሞልቻለሁ ማለት ትታለች። ግን የእንጅባራውን የፈረስ ቪዲዮ ለጎረቤት ሊያሳዩ ሲከፍቱት ደብዝዞ፣ ቀስት ይዞ መጣ።

"ይኸው! አጠፋህብኝ" አሉ።

"አያ፣ ቀስቱን ይንኩት።"

ነኩት። ክቡ ጥቂት ተሽከረከረ፤ ፈረሶቹም መጡ። 14 ሜጋ በላች።